ከስልሳ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ሠርቶ ማሳየት፦ ተማሪዎቹ ያያሉ፣ ምክንያቱን ግን አይዙትም

ጥያቄ፦ የሰሜን ሸዋ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል ቢኖረውም የተሰበሩ ወንበሮች ማስቀመጫ ከሆነ ስለ ቆየ፣ ሙከራዎችን የማሳየው በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ በመምህር ጠረጴዛ ላይ፣ ከሱቅና ከቤት በማመጣቸው ዕቃዎች ነው። በአንድ ክፍል ከስልሳ በላይ ተማሪዎች ስላሉኝ ዕቃውን ለየቡድኑ ማዳረስ አልችልም። በዚህ ምክንያት በብዛት የምጠቀምበት የማስተማር ዘዴ ሠርቶ ማሳየት ነው።

ያሳሰበኝ ነገር የሚከተለው ነው። በቅርቡ ስለ ቃጠሎ ሳስተምር በሳህን ላይ ሻማ አቁሜ፣ ዙሪያውን ውኃ አፍስሼ፣ ሻማውን ለኩሼ ብርጭቆ ደፋሁበት። ነበልባሉ ጠፋ፣ ውኃውም ወደ ብርጭቆው ውስጥ ወጣ፤ ልጆቹ በጣም ተደሰቱ፣ ድገሚልን አሉኝ፣ ደገምኩላቸው። በሳምንቱ በሰጠሁት አጭር ፈተና «ውኃው ለምን ወደ ላይ ወጣ?» ብዬ ስጠይቅ ግን አብዛኞቹ ያዩትን በቅደም ተከተል መልሰው ተረኩልኝ፤ ሻማው በራ፣ ብርጭቆው ተደፋ፣ ሻማው ጠፋ፣ ውኃው ወጣ። ምክንያት የጻፉት ጥቂቶች «ኦክስጅን ስላለቀ» ከሚል ሐረግ አላለፉም፤ ሻማዎቹ ሁለት ቢሆኑ ምን ይፈጠር እንደ ነበር ስጠይቃቸው ደግሞ መልስ ያለው አልነበረም።

ሁለተኛው ጉዳይ የክፍል ምልከታ ነው። ትምህርቴን የተመለከቱት ሱፐርቫይዘር ሠርቶ ማሳየት መምህር ተኮር ዘዴ ስለ ሆነ በቡድን ውይይት ብተካው እንደሚሻል ጽፈውልኛል። እኔ በበኩሌ ተማሪ ያላየውን ነገር በቡድን ቢወያይበት ምን እንደሚያተርፍ አልገባኝም፤ ሆኖም አስተያየታቸውን በቀላሉ ልጥለው አልፈልግም። ሦስተኛው ደግሞ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ጠረጴዛው ላይ ያለውን በትክክል አያዩም፤ እንዲያዩ ወደ ፊት ስጠራቸው ሥርዓት ይጠፋል።

በዚህ ዘዴ ለረጅም ጊዜ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ተማሪው ካየው ነገር ምክንያቱን ይዞ እንዲወጣ የምታደርጉትን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ መምህርት። በመጀመሪያው ጥያቄዎ ላይ አተኩራለሁ፤ የሌሎቹም መነሻ እርሱ ይመስለኛልና።

ተማሪ ወደ ክፍል የሚመጣው ስለ እሳት፣ ስለ ውኃና ስለ አየር የራሱን ግንዛቤ ይዞ ነው። ሠርቶ ማሳያው ይህን ግንዛቤ ካልነካው ያየውን ከነበረው ሐሳብ ጋር አስማምቶ ያልፋል፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ያላየውን እንዳየ አድርጎ ያስታውሳል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምሩት ኤሪክ ማዙርና ባልደረቦቻቸው በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ሠርቶ ማሳያን ዝም ብለው የተመለከቱ ተማሪዎች ምክንያቱን በማብራራት ረገድ ጭራሽ ካላዩት እምብዛም አልተሻሉም፤ ውጤቱን አስቀድመው እንዲገምቱ የተጠየቁት ግን በግልጽ ተሽለው ተገኝተዋል፤ ለግምቱ የተጨመረው ጊዜም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ሪቻርድ ዋይትና ሪቻርድ ጋንስተን የተባሉ ሁለት ምሁራንም ከዚያ አስቀድመው በአውስትራሊያ ይህንኑ አካሄድ መገመት፣ መመልከት፣ ማብራራት በሚሉ ሦስት ደረጃዎች አደራጅተውታል። እኔ ራሴ የምከተለው ይህንን ነው።

ከከተማችን ሁኔታ ጋር የተያያዘ አንድ ምሳሌ ልንገርዎ። ስለ መፍላት ነጥብ ሳስተምር በቡታጋዝ ላይ ውኃ እጥዳለሁ፣ ከላይ በቆመ ሽቦ ላይ የቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር አንጠለጥላለሁ። (የሕክምና ቴርሞሜትር ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ የሚለካው እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ይፈነዳል።) እሳቱን ከመለኮሴ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ በቁራሽ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይጽፋል፦ ውኃው የሚፈላው በስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ እና ከፈላ በኋላ እሳቱን ብጨምረው ቴርሞሜትሩ ምን እንደሚያነብ። ወረቀቱ ከተጻፈ በኋላ እጅ አስወጥቼ የግምቶቹን ቁጥር በሰሌዳው ላይ አሰፍራለሁ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል 100 ብሎ ይጽፋል፤ ለሁለተኛው ደግሞ አብዛኛው «ይጨምራል» ይላል።

ከዚያ እሳቱ ይለኮሳል፤ ከፊት የተቀመጠ አንድ ተማሪ ንባቡን በየደቂቃው ጮክ ብሎ ይናገራል። ሰባ፣ ሰማንያ፣ ሰማንያ ስምንት ይልና 91 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ ውኃው ግን እየተንተከተከ ነው። በዚህ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የሚፈጠረውን ክርክር በማብራሪያ ብቻ መፍጠር አይቻልም። ገሚሱ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ይላል፣ ገሚሱ እሳቱ ደካማ ነው ይላል። እሳቱን እጨምራለሁ፤ ንባቡ አይነቃነቅም። ሌላ ቴርሞሜትር እከታለሁ፤ ያው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗን፣ የአየር ግፊት በከፍታ እንደሚቀንስ፣ የመፍላት ነጥብም በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ እንደሚል የማስረዳው ከዚህ ክርክር በኋላ ነው። ከባሕር ወለል በታች ባለው ዳሎል ምን ይሆናል ብዬ ስጠይቅ ከ100 በትንሹ ማለፍ እንዳለበት ራሳቸው ይደርሱበታል፤ በደጋ ባቄላ ለመብሰል ለምን እንደሚቆይም ያለ እኔ እገዛ ያብራራሉ።

ከዚህ ልምዴ ሦስት ነገሮችን አጥብቄ እመክራለሁ። ግምቱ በጽሑፍ ይሁን፤ በቃል ከሆነ ደፋሮቹ ይናገሩና ሌላው ይከተላቸዋል። ውጤቱን በምንም መንገድ አስቀድመው አይግለጹ፤ «አሁን ውኃው ሲወጣ ታያላችሁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ሥራ ታበላሻለች። ከሙከራው በኋላም «ለምን ሆነ?» ከማለትዎ በፊት «ምን አያችሁ?» ብለው ይጠይቁ፣ ምክንያቱም ተማሪዎች በተመለከቱት ነገር ላይ ሳይስማሙ በምክንያቱ ላይ የሚያደርጉት ክርክር መሠረት የለውም።

ያልተጠበቀ ውጤት ቢመጣም አይደንግጡ። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኤርስትድ በ1820 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ለአድማጮቹ ትምህርት እየሰጠ ሳለ ነው ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያነቃንቅ ያስተዋለው።

መልስ፦ ኬሚስትሪ ከ9 እስከ 12

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ በሻማው ላይ ግን የምጨምረው ዋና ነገር አለ። ይህ ሠርቶ ማሳያ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚታወቅና በቀላሉ የሚሠራ ነው፤ በተለምዶ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን ስሕተት ነው። ሻማው ኦክስጅኑን ጨረሰው፣ ውኃውም የኦክስጅኑን ቦታ ተካ ይባላል፤ ውኃው የብርጭቆውን አንድ አምስተኛ ያህል ከሞላ ደግሞ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ተረጋገጠ ተብሎ ይታለፋል።

በተዘጋ ቦታ የሚነድ ሻማ ኦክስጅኑን ሁሉ አይጨርስም፤ መጠኑ ከ21 በመቶ ወደ 16 በመቶ አካባቢ ሲወርድ ነበልባሉ ይጠፋል። በቃጠሎው የዋለው ኦክስጅንም ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ ተን ሆኖ ስለሚተካ፣ ቦታው ባዶ ሆኖ አይቀርም። ውኃውን በዋናነት ወደ ላይ የሚያስወጣው የሙቀት ለውጥ ነው። ብርጭቆው በሚደፋበት ጊዜ በነበልባሉ ዙሪያ ያለው አየር ሞቆ ተለጥጧል፣ ከፊሉም በብርጭቆው ጠርዝ ሥር አረፋ እየሠራ ይወጣል፤ ነበልባሉ ሲጠፋ ውስጥ የቀረው አየር ይቀዘቅዛል፣ የውስጡ ግፊት ከውጭው ያንሳል፣ በዚህ ጊዜ የውጭው አየር ውኃውን ገፍቶ ያስገባዋል።

የዚህን ማስረጃ ተማሪዎቹ በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ። ምክንያቱ የኦክስጅን ማለቅ ቢሆን ኖሮ ሻማው በሚነድበት ጊዜ ሁሉ ውኃው ቀስ በቀስ በወጣ ነበር፤ በተግባር ግን አብዛኛው ውኃ የሚወጣው ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ በድንገት ነው። በአንድ ሻማ ፈንታ ሦስት ሻማ ቢያቆሙ ውኃው ይበልጥ ከፍ ይላል፤ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን በሻማ ቁጥር አይጨምርም። ስለዚህ ሁለት ሻማ ቢሆንስ ብለው የጠየቁት ጥያቄ እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከሙከራው በፊት ቢጠየቅና ወዲያው በተግባር ቢታይ ደግሞ የኦክስጅኑን ማብራሪያ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይጥሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በአጽንዖት መናገር እፈልጋለሁ። የሚሰጠው ማብራሪያ ዓይን ከሚያየው ጋር ሳይገጥም ሲቀር፣ ግራ የሚጋባው በትኩረት የተመለከተው ተማሪ ነው። ሐረጉን በቃሉ የያዘው ልጅ ነጥብ ያገኛል፤ ውኃው የወጣው ሻማው ከጠፋ በኋላ መሆኑን ያስተዋለው ልጅ ግን ያስተዋለውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ ማንኛውንም ሠርቶ ማሳያ ወደ ክፍል ከማስገባታችን በፊት ማብራሪያውን በራሳችን መፈተሽ ግዴታችን ነው።

በኦክስጅን መጠን ላይ ማተኮር ከፈለጉ ከሻማ ይልቅ የብረት ዝገትን ይጠቀሙ፤ እሳት ስለሌለበት የሙቀቱ ችግር አይኖርም።

ስለ ደኅንነትም ልጨምር። ነበልባልን በጨዎች የማቅለም ሙከራ በተማሪዎች ዘንድ በጣም ይወደዳል፤ ይሁን እንጂ ሜታኖልን በክፍት ሳህን አፍስሶ በመለኮስ ሲሠራ በተለያዩ አገሮች ተማሪዎችን አቃጥሏል። የአሜሪካ የኬሚስትሪ ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ይህ አሠራር እንዲቀር መክሯል። በእርሱ ፈንታ ቀጫጭን የእንጨት ስንጥሮችን በጨው ወይም በኮፐር ሰልፌት ሙሙት ውስጥ አሳድረው በቡታጋዝ ነበልባል ላይ ቢይዟቸው፣ የመጀመሪያው ቢጫ ሁለተኛው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። አልኮል በሚነድ ነገር ላይ ከጠርሙስ መጨመር በምንም ምክንያት አይፈቀድ።

መልስ፦ የመጀመሪያ እርከን መምህርት

እኅቴ፣ እኔ የማስተምረው 1ኛ ክፍል ስለ ሆነ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አልነካም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የምሠራው ሠርቶ ማሳየት ነው፤ እርሳስ አያያዝ፣ ፊደል አጣጣል፣ እጅ መታጠብ። ስለ ማየት ላነሡት ጥያቄ የምለው አለኝ።

በሰሌዳ ላይ «ሀ»ን ስጽፍ ትከሻዬ ፊደሉን ይሸፍነዋል፤ ዞር ስል ልጆቹ የሚያዩት የተጠናቀቀውን ፊደል ነው፣ እጄ ከየት ተነሥቶ በየት እንደ ሄደ አያውቁም። በዚህ ምክንያት ወደ ጎን ቆሜ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ የእያንዳንዱን መስመር አቅጣጫ በቃል እየተናገርኩ እጽፋለሁ። ፊቴን ወደ እነርሱ አዙሬ በአየር ላይ ስጽፍ ደግሞ የእኔ ቀኝ ለእነርሱ ግራ ስለሚሆንባቸው አብዛኛው ልጅ ገልብጦ ይጽፋል፤ የእጅ እንቅስቃሴ ሲሆን ጀርባዬን ሰጥቼ ከእነርሱ ጋር በአንድ አቅጣጫ መቆም ግድ ይለኛል። ይህ ጉዳይ በእርስዎም ክፍል ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሲያገናኙ ወይም ማይክሮስኮፕ ሲያስተካክሉ ተማሪው ከፊት ለፊት ሆኖ የሚያየው የተገለበጠውን ነው።

ከስልሳ በላይ ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲያይ ማድረግ አይቻልም ብዬ አምናለሁ፤ መቻሉን ማስመሰልም አይጠቅምም። እኔ ክፍሉን ለሁለት እከፍላለሁ፤ ገሚሱ በደብተሩ ላይ የተሰጠውን ሲሠራ ገሚሱ በጠረጴዛው ዙሪያ ይሰበሰባል፣ አጫጭሮቹ ከፊት ይንበረከካሉ፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ ይቆማሉ፣ ከዚያም ይቀያየራሉ። ወደ ፊት ሲመጡ ሥርዓት የሚጠፋው የት እንደሚቆሙ ሳያውቁ ሲመጡ ነው፤ በጠመኔ ወለሉ ላይ መስመር ቢያሰምሩላቸው ግፊያው ይቀንሳል። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ጠረጴዛ ደርቦ ዕቃውን ከፍ ማድረግም ይረዳል። ብርጭቆ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ጥቁር ወረቀት ያቁሙ፣ ውኃው ውስጥም ጥቂት ቀለም ይጨምሩ፤ ንጹሕ ውኃ በብርጭቆ ውስጥ ሲወጣ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ማንም አያየውም።

አንድ ተማሪም እጅ ሆኖ ቢሠራ መልካም ነው። ልጅ ሲሠራ ቀስ ይላል፣ ሌሎቹም በእርሱ ፍጥነት ይከተላሉ።

መልስ፦ የብረታ ብረት አሠልጣኝ

የፊዚክስ መምህሩን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ሆኖም በሁሉም ቦታ እንዲሠራበት አልስማማም። እኔ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ብየዳና ቶርኖ (ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ማሽን) አሠለጥናለሁ። በእኛ ዘንድ የሚታየው የእጅ ክህሎት እንጂ የተፈጥሮ ክሥተት አይደለም። ቶርኖ ላይ የቆመ ሠልጣኝ «ብረቱን የምታጠብቅበትን ቁልፍ ከማሽኑ ሳትነቅል ሞተሩን ብታስነሣ ምን ይሆናል?» ተብሎ በሙከራ እንዲያረጋግጥ አይፈቀድለትም። በክህሎት ትምህርት የመጀመሪያው ምስል ትክክለኛው ምስል መሆን አለበት፤ እጅ አንዴ የለመደውን ስሕተት ማስተው ከማስተማር ይከብዳልና።

የምንከተለው ቅደም ተከተል አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሥራውን በተለመደው ፍጥነት፣ ያለ ንግግር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሠራዋለሁ፤ ሠልጣኙ የሙያውን መልክ እንዲያይ። ቀጥሎ በዝግታ፣ እያንዳንዱን እርምጃ ከነምክንያቱ እየተናገርኩ እደግመዋለሁ። በሦስተኛው ዙር የምሠራው እኔ ነኝ፣ የሚናገረው ግን ሠልጣኙ ነው፤ እርሱ ያላዘዘኝን አልሠራም። ይህ ዙር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ ማን እንደ ተከተለና ማን እንዳልተከተለ ብረት ሳይበላሽ፣ ሰው ሳይጎዳ እዚህ ላይ ይታወቃል። በመጨረሻ ሠልጣኙ ራሱ እየተናገረ ይሠራል። የብሪታንያው ሐኪም ሮድኒ ፔይተን በ1998 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አካሄድ ለሕክምና ትምህርት አቅርበውታል፤ ቻርልስ አለን የተባሉ አሜሪካዊ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የመርከብ ግንባታ ሠራተኞችን በተመሳሳይ ባለ አራት ደረጃ ዘዴ አሠልጥነዋል። በአገራችንም አዲስ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት አቋቋም የሚማር ደቀ መዝሙር የመቋሚያውን፣ የጸናጽሉንና የከበሮውን አካሄድ የሚይዘው መምህሩን አይቶ፣ ተከትሎ፣ በፊታቸው ደግሞ፣ ታርሞ ነው።

ብየዳ ላይ ስላለው ልዩ ችግርም ልናገር፣ ምክንያቱም ሠርቶ ማሳየት ማለት ሁልጊዜ እውነተኛውን ሥራ ማሳየት ማለት እንዳልሆነ ያስረዳል። የብየዳውን ብርሃን ያለ ጭምብል መመልከት አይገባም፤ በጭምብል የሚመለከት ሰው ደግሞ ከብርሃኑ ነጥብ በቀር የእጄን አያያዝ አያይም። ስለዚህ አስቀድሜ ማሽኑን ሳላበራ፣ ያለ ጭምብል፣ ኤሌክትሮዱን እንዴት እንደማዘነብል፣ እንዴት እንደምጭርና ከብረቱ ጋር እንዳይጣበቅ እንዴት እንደማነሣው አሳያለሁ። ማሽኑ የሚበራው ይህ በሁሉም እጅ ከተደገመ በኋላ ነው።

መምህርት፣ የእርስዎ ሁኔታ ሁለቱንም የያዘ ነው። ሻማው ክሥተት ነው፣ ግምት ይቅደም። ቴርሞሜትር ማንበብ፣ ሚዛን መጠቀም፣ ክብሪት በጥንቃቄ መለኮስ ግን ክህሎት ነውና በግምት አይጀመር።

የጠያቂዋ ምላሽ፦ የሰሜን ሸዋ መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሻማውን ማብራሪያ ያነበብኩት በብዙ ትኩረት ነው፤ ሦስቱን ሻማ ለተማሪዎቼ አቀርባለሁ፣ ግምታቸውንም በጽሑፍ እቀበላለሁ። በክህሎትና በክሥተት መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ በፊት በዚህ መልክ አስቤው አላውቅም።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። የሱፐርቫይዘሩን አስተያየት በተመለከተ የሚመልስልኝ ካለ እጠብቃለሁ፤ የኬሚስትሪ መምህሩም የብረት ዝገቱን አሠራር በዝርዝር ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ መምህር

ሠርቶ ማሳየት በራሱ መምህር ተኮር ወይም ተማሪ ተኮር አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ የሚወስነው ተማሪው በዚያ ሰዓት ምን እየሠራ እንደሆነ ነው። ሆኖም ሱፐርቫይዘሩ ያዩትን ነገር በጥሞና ማጤን ተገቢ ነው። የትምህርት ዕቅድ ቅጻችንን ያስታውሱ፤ የመምህሩ ተግባር የሚል ዓምድ አለ፣ የተማሪዎች ተግባር የሚልም አለ። ሠርቶ ማሳየት በሚጻፍባቸው ዕቅዶች ውስጥ በመጀመሪያው ዓምድ አራትና አምስት መስመር ይሞላል፤ በሁለተኛው ዓምድ «በጥሞና ይመለከታሉ፣ ያዳምጣሉ» ተብሎ ይታለፋል። ክፍሉም እንደ ዕቅዱ ከሄደ ምልከታ የሚያደርግ ሰው መምህር ተኮር ነው ቢል አይፈረድበትም።

በሁለተኛው ዓምድ የሚጻፈው ሲቀየር ትምህርቱም ይቀየራል። ለሻማው ትምህርት፣ ለምሳሌ፣ ተማሪዎች የአንድ ሻማንና የሦስት ሻማን ውጤት በየግላቸው ገምተው ይጽፋሉ፤ ከጎናቸው ካለው ተማሪ ጋር ምክንያታቸውን ያነጻጽራሉ፤ ውኃው መውጣት የጀመረበትን ቅጽበት ከነበልባሉ መጥፋት ጋር አያይዘው ይመዘግባሉ፤ ከግምታቸው የተለየውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያብራራሉ ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። ይህ ሱፐርቫይዘሩ የጠየቁትን የቡድን ውይይት ያካትታል፤ ውይይቱም ተማሪዎቹ አሁን ባዩት ነገር ላይ ይመሠረታል። የግምት ወረቀቶቹን ሰብስበው ቢያስቀምጡና በሚቀጥለው ምልከታ ቢያሳዩአቸው ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል።

ጊዜን በተመለከተ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ይተላለፍ ከነበረው ትምህርት የምንማረው አለ። በዚያ ስርጭት ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሊያገኙት በማይችሉት መሣሪያ የተሠሩ ሠርቶ ማሳያዎች ይቀርቡ ነበር፣ ምስሉም ከኋላ ላለ ተማሪ ሳይቀር ይታያል። የጎደለው ነገር መቆም ነበር። ስርጭቱ ለሁሉም ክፍል በአንድ ፍጥነት ስለሚሄድ መምህሩ በመሃል አስቁሞ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብሎ መጠየቅ አይችልም ነበር፤ ተማሪው ሳይገባው ቀጣዩ ምስል ይመጣል። ዛሬ በስልክም ሆነ በኮምፒውተር ቪዲዮ የሚያሳይ መምህር በፈለገበት ቅጽበት ማቆም ስለሚችል ይህን ዕድል ሊጠቀምበት ይገባል፤ አደገኛ ወይም ውድ የሆኑ ሙከራዎችን በዚህ መንገድ ማቅረብ ምንም ነውር የለበትም።

ከዚህ ጋር ለትምህርት ቤት አመራሮች መናገር የሚገባኝ አለ። አገር አቀፉ መለኪያ በአንድ ክፍል ለመጀመሪያ ደረጃ 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ይላል። አንዲት መምህርት ከስልሳ በላይ ተማሪ ይዛ፣ ቤተ ሙከራዋ በወንበር ተሞልቶባት፣ ከቤቷ ብርጭቆ እያመጣች ስታስተምር የዘዴ ምርጫዋን ብቻ መመዘን ፍትሐዊ አይደለም። ምልከታ የሚያደርግ አካል በዚያው ቅጽ ላይ የወንበሮቹንም ጉዳይ ቢጽፍ ቤተ ሙከራው ሊከፈት ይችላል።

መልስ፦ ኬሚስትሪ ከ9 እስከ 12

የዝገቱ ሙከራ እንዲህ ይሠራል። የሚያስፈልግዎ ቀጭኑ የብረት ሱፍ ነው፤ የቀለምና የእንጨት ሥራ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች ይገኛል። የሚያብረቀርቀውን የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አይግዙ፤ እንዳይዝግ ተደርጎ የተሠራ ስለ ሆነ ምንም ለውጥ አያሳይም። ሱፉን ለጥቂት ደቂቃ በአቼቶ ነክረው፣ በውኃ አለቅልቀው፣ አራግፈው ወደ አንድ ቀጥ ያለ ጠባብ ብርጭቆ ታች ይጠቅጥቁት፤ ሲገለብጡት እንዳይወድቅ በደንብ ይያዝ። ብርጭቆውን ውኃ ባለበት ሳህን ላይ ይድፉት፣ የውኃውን መነሻ በላስቲክ ምልክት ያድርጉበት። ከጎኑ ሱፍ የሌለበት ተመሳሳይ ብርጭቆ ይድፉ፤ ያለዚህኛው ተማሪው ውኃው በራሱ ጊዜ ወጥቶ ሊሆን ይችላል ቢል የሚመልሱለት አይኖርዎትም።

ዓርብ ቢጀምሩት ሰኞ ይደርሳል። በሱፉ በኩል ያለው ውኃ የአየሩን አንድ አምስተኛ ወደሚሆን ከፍታ ይጠጋል፣ ሱፉም ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ሱፍ በሌለበት ብርጭቆ ያለው ውኃ ግን ከነበረበት እምብዛም አይንቀሳቀስም። ግምቱን ዓርብ በጽሑፍ ይሰብስቡ፣ ወረቀቶቹንም እስከ ሰኞ ለማንም አይመልሱ። የክፍሉ ሙቀት አየሩን ስለሚለጥጠውና ስለሚያኮማትረው፣ መነሻውንና የመጨረሻውን ንባብ በቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት ላይ ይውሰዱ።